የቫይረሱ መጠን ሲያንስ ታካሚው አያስተላልፍም ማለት ነው?

ጥያቄው የመጣው በአንድ ሆስፒታል የኮሮና ክፍል ከምትሠራ ነርስ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ሁለት ታካሚዎች አሉን። አንደኛው የ58 ዓመት አባት ናቸው። ስኳር አለባቸው። ኦክስጅን ላይ ነበሩ፤ አሁን ወርደዋል። ሕመሙ ከጀመራቸው 17ኛ ቀናቸው ነው፤ ትኩሳቱ ከለቀቃቸው አምስት ቀን ሆኗል። ፒሲአር ግን አሁንም ፖዘቲቭ ነው፤ ሲቲው (የቫይረሱን መጠን የሚጠቁመው ቁጥር፤ ሲያንስ ቫይረሱ ብዙ ነው) 34 ነው። ከለይቶ ማቆያ አልወጡም፣ ልጆቻቸውም ገብተው አላዩአቸውም። ሁለተኛዋ የሊምፎማ (የሊምፍ ካንሰር) ታካሚ ናት፣ ሪቱክሲማብ የሚባል መድኃኒት ትወስዳለች። 24ኛ ቀኗ ነው። ምንም አያማትም፤ ሲቲዋ ግን 19 ነው። አንዱ ሐኪም ቁጥሩን እንይ ይላል፣ ሌላው ቀኑን እንቁጠር ይላል። የቫይረሱን መጠን ለክቶ ማን ያስተላልፋል፣ ማን አያስተላልፍም ማለት ይቻላል?»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። እኔ ብሆን አባትን ከለይቶ ማቆያ አወጣቸዋለሁ፤ ልጆቻቸውም ይገባሉ። እሷ ግን ትቆያለች። ለሁለቱም ውሳኔ ቁጥሩ ይረዳል፣ ብቻውን ግን አይወስንም። ታካሚዎቹን አላየኋቸውምና የመጨረሻው ቃል የሚያክማቸው ሐኪምና የሆስፒታላችሁ የኢንፌክሽን መከላከል ቡድን ነው። ምክንያቱን ግን በደንብ ላስረዳዎት፤ ነገ ለሚገባው ታካሚም ይጠቅማል።

ፒሲአር የሚፈልገው የቫይረሱን አርኤንኤ፣ ማለትም የዘር መረጃውን የያዘውን ክፍል ነው። ቫይረሱ ሕያው ይሁን አይሁን አይለይም። ሰውነት ቫይረሱን ካሸነፈ በኋላ እንኳ የተሰባበረ አርኤንኤ በአፍንጫና በጉሮሮ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። እሳቱ ጠፍቶ ምድጃው ላይ የሚቀር አመድ እሳት እንደነበረ ይመሰክራል፤ አሁን ያቃጥላል ማለት ግን አይደለም። አባት ላይ የታየው 34 እንዲህ ዓይነት ቅሪት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሕያው ቫይረስ መኖሩን በቀጥታ ማወቅ የሚቻለው ናሙናውን ሕያው ሴሎች ላይ አሳድጎ በማየት ነው። ብዙ ጊዜ ከጦጣ ኩላሊት የተገኙ ቬሮ የሚባሉ ሴሎች ይመረጣሉ። ቫይረሱ ሕያው ከሆነ ሴሎቹን ይገድላቸዋል። ሥራው ቀናት ይወስዳል፤ ጥብቅ ጥበቃ ያለው፣ ደረጃ ሦስት የሚባለው ላቦራቶሪም ይፈልጋል። ስለዚህ ለዕለት ተዕለት የሆስፒታል ውሳኔ አይደርስም። ተመራማሪዎች ያደረጉት ምንድን ነው? በአንድ በኩል ሴል ላይ አሳደጉ፣ በሌላ በኩል ቫይራል ሎድ (የቫይረሱን መጠን) ለኩ፣ ከዚያ ሁለቱን አስተያዩ። እኛ ዛሬ በቁጥር የምንናገረው ሁሉ ከዚያ ንጽጽር የመጣ ነው።

ሲቲ ስንል ስካኑን አይደለም። ማሽኑ አርኤንኤውን እያባዛ ሲሄድ ምልክቱ የሚታየው በስንተኛው ዙር ላይ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ቫይረሱ ብዙ ከሆነ ቶሎ ይታያል፣ ቁጥሩም ያንሳል። ሦስት ነጥብ ሦስት ገደማ ዙር ሲጨምር መጠኑ በ10 እጥፍ ይቀንሳል። በአንድ ዓይነት ማሽን ተለክተው ከሆነ፣ በእናንተ ሁለት ታካሚዎች መካከል ያለው የ15 ዙር ልዩነት ከ30 ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም፤ ትኩረት ሰጥታችሁ መጠየቃችሁ ትክክል ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው እንግባ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ2020 መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ሙኒክ ላይ ዘጠኝ ታካሚዎች በየቀኑ ማለት በሚቻል ሁኔታ ናሙና ተወሰደላቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ሕያው ቫይረስ በቀላሉ ተገኘ። ከስምንተኛው ቀን በኋላ ግን አርኤንኤው ገና በብዛት እየታየ ሕያው ቫይረስ ሊገኝ አልቻለም። ያኔ ዓለም ሁሉ «ፖዘቲቭ ከሆነ ያስተላልፋል» ብሎ ያምን ስለነበር ግኝቱ ትልቅ ነገር ነበር። ካናዳ ዊኒፔግ ላይ 90 ናሙናዎች ተመርምረው ሲቲያቸው ከ24 በላይ የሆኑት ሴል ላይ አላደጉም። እነዚያ የሙኒክ ሰዎች ግን በአብዛኛው ቀለል ያለ ሕመም ነበራቸው። የእናንተ ክፍል ውስጥ ያሉት በጠና የታመሙ ናቸው።

ስለዚህ ለእናንተ ጥያቄ ከሁሉም የሚቀርበው የሮተርዳም ጥናት ነው። በኔዘርላንድ የኢራስመስ የሕክምና ማዕከል ሐኪሞች ሆስፒታል የተኙ 129 ታካሚዎችን ተከታተሉ። 89ኙ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ ነበሩ። 30ዎቹ በሽታ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ነበር። ሕያው ቫይረስ የተገኘው ከ23ቱ ብቻ ነው። የሚገኝበት ጊዜ በመካከለኛ ስሌት ሕመሙ ከጀመረ እስከ ስምንተኛው ቀን ሆነ፤ ረጅሙ 20 ቀን ደረሰ። 15 ቀን ካለፈ በኋላ ሕያው ቫይረስ የመገኘት ዕድሉ ከ5 በመቶ በታች ወረደ።

ስለ መጠኑስ? በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ10 ሚሊዮን ኮፒ በላይ አርኤንኤ ሲኖር ሕያው ቫይረስ የመገኘቱ ነገር በእጅጉ ይጨምር ነበር። ብዙ ሰው ከዚህ ጥናት ይዞ የሚሄደው ይህን ቁጥር ነው። እኔ ግን ከዚያ ይበልጥ የምወደው ሌላውን ግኝት ነው። በደማቸው ውስጥ ቫይረሱን የሚያከሽፍ አንቲቦዲ፣ አንድ ለ20 በሚባለው ዝቅተኛ መጠን እንኳ፣ ከታየ በኋላ ሕያው ቫይረስ ማግኘት እጅግ ብርቅ ሆነ። አንቲቦዲው ሲመጣ አርኤንኤው ይቀራል፣ ማስተላለፉ ግን ያበቃል ማለት ነው። በመጠኑና በማስተላለፍ መካከል ያለው ገመድ የሚላላው እዚህ ላይ ነው። ይህን ከያዝን የሁለቱ ታካሚዎቻችሁ መንገድ ለምን እንደተለያየ ግልጽ ይሆናል።

ወደ ቁጥሩ ችግር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስህተቱ የሚሠራው በአብዛኛው እዚህ ነው።

አገራችን ውስጥ ቫይራል ሎድ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ኤችአይቪን ነው። እዚያ ቁጥሩ ታማኝ ነው። ደም ይቀዳል፣ መጠኑ ተለክቶ ማሽን ይገባል፣ ውጤቱ በሚሊ ሊትር ይህን ያህል ኮፒ ተብሎ ይወጣል። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም ብለን በሙሉ አፍ እንናገራለን። ያንን እምነት ወደ ኮሮና እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ኮሮና ላይ የሚለካው ደም ሳይሆን ከአፍንጫ ወይም ከጉሮሮ የተጠረገ ነገር ነው። አንዱ ባለሙያ ጠለቅ አድርጎ ይወስዳል፣ ሌላው ጫፉን ነክቶ ይመለሳል። ታካሚው ፊቱን ያዞራል። አንዱ ጋ ብዙ ንፍጥ አለ፣ ሌላው ደርቋል። በዚያው ሰው ላይ፣ በዚያው ጠዋት፣ ሁለት ናሙና የተለያየ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል።

ማሽኖቹም አንድ አይደሉም። የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ ያንኑ ናሙና ለብዙ ላቦራቶሪዎች ልኮ ሲያወዳድር፣ በተለያዩ የመመርመሪያ ዘዴዎች መካከል ሲቲው እስከ 14 ዙር ድረስ ተለያይቷል። በአርኤንኤ ሲሰላ ይህ ከ16 ሺህ እጥፍ በላይ ልዩነት ይመስላል፤ የተላከው ናሙና ግን አንድ ነው! አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥዎት። ለኤችአይቪ ቫይራል ሎድ የምናውቀው አቦት ኤም2000 ማሽን ለኮሮናም ሲሠራበት የመጀመሪያዎቹን 10 ዙሮች አይቆጥርም። እዚያ ላይ 20 የተባለ ውጤት ሌላ ማሽን ላይ 30 አካባቢ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሲቲ 24» ወይም «ሲቲ 30» የሚል ድንበር ከመጽሔት ላይ አንስቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አደገኛ ነው። ያ ቁጥር የዚያ ላቦራቶሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2020 ማመሳከሪያ የሚሆን ዓለም አቀፍ መለኪያ ናሙና አጽድቋል። ላቦራቶሪያችሁ ማሽኑን ከዚያ ጋር አስተያይቶ ሲቲውን ወደ ትክክለኛ መጠን መቀየር ከቻለ ነገሩ ይሻሻላል። ካልቻለ ቁጥሩን እንደ ፍንጭ ብቻ ውሰዱት።

ናሙናው የተወሰደበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። ቬንትሌተር ላይ ያለ ታካሚ ጉሮሮው ንጹሕ ሆኖ ሳንባው ውስጥ ብዙ ቫይረስ ሊኖር ይችላል። በቱቦው በኩል የሚሳበው አክታ ከጉሮሮ ናሙና ይልቅ እውነቱን ይናገራል። የጉሮሮ ኔጌቲቭ አይቶ ለእንዲህ ዓይነት ታካሚ ጭንብልን ማላላት አይገባም።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን ሌላ ስህተት ነው። የቫይረሱ መጠን ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። አንድ ልኬት ብቻ ካላችሁ እየወጣ ይሁን እየወረደ አታውቁም። ትናንት ማሳል የጀመረ ታካሚ ገብቶ ሲቲው 33 ቢሆን፣ ነገ 18 ሊሆን ይችላል። የአባት 34 ግን በ17ኛው ቀን የመጣ 34 ነው። ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ናቸው፤ ትርጉማቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። ኮሮና ደግሞ በጣም የሚተላለፈው ምልክቱ ሊጀምር ሲልና በጀመረ ሰሞን ነው። ታይዋን ውስጥ 100 ታካሚዎችና ከእነሱ ጋር ንክኪ የነበራቸው 2,761 ሰዎች ክትትል ተደርጎባቸው፣ የታካሚው ሕመም ከጀመረ ከአምስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተገናኙት ውስጥ አንድም ሰው አልተያዘም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝቅተኛ መጠን ታየ ብሎ ታካሚን ነጻ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ዝቅተኛ መጠን ዋጋ የሚኖረው ቀኑ ሲርቅ ነው።

መጠኑ ከማስተላለፍ ጋር ዝምድና የለውም እያልኩ እንዳይመስልዎት። አለው። ስፔን ካታሎኒያ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ቫይራል ሎዳቸው በሚሊ ሊትር ከአንድ ሚሊዮን ኮፒ በታች ከነበሩ ታካሚዎች ጋር የተነካኩ ሰዎች 12 በመቶው ተያዙ። መጠኑ 10 ቢሊዮንና ከዚያ በላይ ሲሆን 24 በመቶው ተያዙ። ከፍ ሲል ይጨምራል። ግን ልብ ይበሉ፦ በ10 ሺህ እጥፍ ለሚበልጥ ቫይረስ አደጋው የጨመረው በሁለት እጥፍ ነው። ዝቅ ባለበትም ዜሮ አልሆነም። ከዚህ መጠን በታች ማንም አያስተላልፍም የሚባል ወለል አልተገኘም።

ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነው። ሰው የሚይዘው ጉሮሮ ውስጥ ካለው ሳይሆን ወደ አየር ከሚወጣው ቫይረስ ነው። ለንደን ውስጥ ፈቃደኛ ወጣቶች ሆን ተብሎ በቫይረሱ ተይዘው ትንፋሻቸውና የክፍላቸው አየር ተለክቶ ነበር። ከ18ቱ ሰዎች መካከል ሁለቱ ብቻ ናቸው አየር ላይ ከተገኘው ቫይረስ 86 በመቶውን ያወጡት። አንዱ ብዙ ይረጫል፣ ሌላው አይረጭም። በዚያ ላይ ሳሉ አለ፣ የክፍሉ መስኮት መከፈት አለመከፈቱ አለ፣ አስታማሚው ስንት ሰዓት አጠገቡ እንደተቀመጠ አለ። እነዚህን የትኛውም የፒሲአር ማሽን አይለካቸውም።

ክትባቱ ከመጣ በኋላ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የጄኔቫ ተመራማሪዎች በ2022 ባወጡት ሥራ፣ በአርኤንኤ ብዛትና በሕያው ቫይረስ ብዛት መካከል ያለው ዝምድና ደካማ እንደሆነ አሳዩ። ዴልታ በሚባለው የቫይረሱ ዝርያ የተያዙ የተከተቡ ሰዎች ሕያው ቫይረሳቸው ካልተከተቡት ያንስ ነበር። የሮተርዳሙ 10 ሚሊዮን የመጣው ክትባት ከመስፋፋቱ በፊት ከነበሩ ታካሚዎች ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው ወይ ተከትቧል ወይ ታሞ ድኗል። ያንን ቁጥር እንዳለ አንስቶ ዛሬ ላይ መጫን ልክ አይመስለኝም።

ወደ አባት እንመለስ። 17ኛ ቀናቸው ነው። ትኩሳት የለም፣ ኦክስጅን አቁመዋል፣ መጠኑ ዝቅተኛ ነው። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል በጠና ለታመሙ ሰዎች ያስቀመጠው መለያ ከ10 እስከ 20 ቀን ነው፤ ምልክቱ መሻሻሉና ትኩሳት መጥፋቱ እንደ ቅድመ ሁኔታ ይታያል። አባት እዚያ ውስጥ ናቸው። ስኳር ብቻውን በዚህ ጉዳይ የመከላከል አቅሙ ክፉኛ ከተዳከመ ሰው ጋር አያስቆጥራቸውም። ምናልባት «ዴክሳሜታዞን ወስደዋል እኮ» ይሉኛል፤ የመከላከል አቅምን የሚቀንስ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። የተለመደው በቀን 6 ሚሊግራም ለ10 ቀን ነው። ይህ ፕሬድኒሶሎን ከሚባለው ሌላ ስቴሮይድ 40 ሚሊግራም ጋር ይመጣጠናል፤ ከፍ ያለ ነው፣ ነገር ግን ለጥንቃቄ የሚታየው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ነው። ከዚያ በላይ ወስደው ከሆነ ወይም ሌላ የመከላከል አቅም የሚቀንስ መድኃኒት ካለ ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ 20 ቀን እስኪሞላ አቆያቸዋለሁ።

በአባት ጉዳይ የማስተላለፍ ስጋትን ብቻ ሳይሆን የመቆየቱንም ዋጋ አብራችሁ መዝኑ። በ2020 መጀመሪያ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ኔጌቲቭ ውጤት ይጠይቅ ነበር። በዚያን ጊዜ በዓለም ዙሪያ ስንቱ ሰው ድኖ፣ በልቶ፣ ተንቀሳቅሶ፣ ውጤት ብቻ እየጠበቀ ለሳምንታት ተኛ! አልጋ ያጣ ሌላ ታካሚ ደግሞ ውጭ ነበር። ኮሪያ ውስጥ ከዳኑ በኋላ እንደገና ፖዘቲቭ የሆኑ 285 ሰዎች ተጠንተው፣ ከእነሱ የተነሳ አዲስ የተያዘ ሰው አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2020 መጨረሻ ምክሩን ቀይሮ፣ ምልክቱ ከጀመረ 10 ቀን፣ በዚያ ላይ ምልክት አልባ የሆኑ ቢያንስ ሦስት ቀናት አለ። እርጅና የተጫነው ሰው ብቻውን ክፍል ውስጥ ሲከርም ይደክማል፣ መብላት ያቆማል፣ ግራ ይጋባል። የኩላሊት እጥበቱ ይዘገያል፣ ፊዚዮቴራፒው ይቀራል። ልጆቹን አለማየቱ ራሱ ሕመም ነው። ይህን ሁሉ በአንድ 34 ምክንያት ማስከፈል አግባብ አይደለም።

የሊምፎማዋ ታካሚ ታሪክ ግን ፍጹም ሌላ ነው። ሪቱክሲማብ አንቲቦዲ የሚሠሩትን ቢ ሴሎች ያጠፋል። ቅድም ያልኩት ገመዱን የሚያላላው አንቲቦዲ እሷ ጋ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ እሷ ላይ ቁጥሩ ጉልበት አለው፤ 19 በ24ኛው ቀን ቅሪት ነው ብዬ አላልፈውም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንዲት የደም ካንሰር ያለባቸው የ71 ዓመት ሴት ምንም ምልክት ሳይታይባቸው እስከ 70ኛው ቀን ሕያው ቫይረስ ተገኝቶባቸዋል። ኒው ዮርክ ውስጥ የመቅኒ ንቅለ ተከላና የሴል ሕክምና ካደረጉ የካንሰር ታካሚዎች እስከ ሁለት ወር ድረስ ሕያው ቫይረስ ተገኝቷል። እንደነዚህ ባሉ ሰዎች ውስጥ ቫይረሱ ረጅም ጊዜ ሲቆይ ራሱን ሊቀይርም ይችላል። «ምንም አያማትም» የሚለው እሷ ላይ ማረጋገጫ አይሆንም። ቀን መቁጠርም አይሠራም፣ ምክንያቱም የቀን ሕጉ የተሠራው የመከላከል አቅማቸው ላልተዳከመ ሰዎች ነው።

ለእሷ የሚሠራው በምርመራ መወሰን ነው። በ48 ሰዓት ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች ኔጌቲቭ እስኪሆኑ ተለይታ ትቆይ። የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልገው ፈጣኑ የአንቲጅን ራፒድ ምርመራ በዚህ ላይ ጥሩ አጋዥ ነው፤ ከፒሲአር ይልቅ ከሕያው ቫይረስ ጋር ይቀራረባል። እሱ አንዴ ኔጌቲቭ ስላለ ብቻ ግን አትለቀቅም። ምርመራውን በየቀኑ መደጋገም አያስፈልግም፣ ድካም ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ኔጌቲቭ እስኪመጣ ለአብዛኛው በሳምንት አንዴ ይበቃል። ሁልጊዜ በአንድ ማሽን ይሠራላት። ናሙናው ከየት እንደተወሰደና ሕመሙ ከጀመረ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ያኔ አንድ ተራ ቁጥር ሳይሆን አቅጣጫ ታያላችሁ። የካንሰር ሐኪሟም ይህን ይወቁ። የሚቀጥለው የሪቱክሲማብ ቀጠሮ መቼ ይሁን የሚለውና የፀረ ቫይረስ መድኃኒት ጉዳይ ከእሳቸው ጋር መመከር አለበት። ካንሰሩ ስለማይጠብቅ ሕክምናው ዝም ብሎ መቆም የለበትም፤ ተለይታ ሆናም ልትታከም ትችላለች። ቤተሰቧ ጥሩ ጭንብል አድርጎ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ለአጭር ጊዜ ሊያያት የሚችልበትን መንገድም ፈልጉ።

አባትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ከክፍሉ ካወጣችኋቸው በኋላ አዲስ ምልክት ካላሳዩ በስተቀር ድጋሚ ፒሲአር አታድርጉላቸው። ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊል ይችላል፤ ሌላ ክፍል የሚረከባቸው ሐኪም ደንግጦ እንደገና እንዳይለያቸው ካርዳቸው ላይ በግልጽ ጻፉ፦ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ ከለይቶ ማቆያ የወጡበት ቀንና ምክንያቱ፣ የመጨረሻው ሲቲ በየትኛው ማሽን እንደተለካ።